ሰማይን በሥዕል ለልጆች ማሳየት

ስለ መንግሥተ ሰማያት የሚናገር የሕፃናት መጽሐፍ ስመርጥ አስቀድሜ የምመረምረው ሥዕሉን ነው። ገና ፊደል ያልቆጠረ ልጅ ከሰማው ይልቅ ያየውን ስለሚይዝ፣ እናቱ የፈለገችውን ያህል አሳምራ ብታነብለትም ገጹ ላይ የተሣለው ነጭ ደመና ከሆነ መንግሥተ ሰማያት ለእርሱ ደመና ሆና ትቀራለች።

እናቴ ካረፈች በኋላ በአውሮፕላን ስንጓዝ የአራት ዓመቷ ልጄ ግንባሯን መስኮቱ ላይ ለጥፋ ስትመለከት ቆየችና «እማዬ፣ አያቴ የቷ ደመና ላይ ናት?» አለችኝ። ክንፍ ያበቀሉ ሰዎች ደመና ላይ ተቀምጠው በገና የሚደረድሩበትን መጽሐፏን በሚገባ አጥንታ ነበርና ጥያቄዋ አላስገረመኝም። «ደመና ላይ አይደለችም፤ እግዚአብሔር ዘንድ ናት» አልኳት።

መጽሐፍ ቅዱስ ግን ሠዓሊን የሚያስጎመጅ ብዙ ነገር አለው። ዮሐንስ በራእዩ 21ኛና 22ኛ ምዕራፎች የሚገልጸው ከተማ ነው፦ 12 በሮች አሉት፣ እያንዳንዱ በር ከአንድ ዕንቁ የተሠራ ነው፣ ሌሊት ስለሌለም በሮቹ አይዘጉም። ከዙፋኑ የሚወጣ የጠራ ወንዝ አለ፤ በወንዙ ወዲያና ወዲህም በየወሩ የሚያፈራ የሕይወት ዛፍ ይገኛል። ይህን ስናነብ ታላቅ ወንድሟ ወራቱን በጣቱ ቆጥሮ «በጳጉሜንስ?» ሲል ጠየቀ (ለዚህ መልስ ያለው መምህር ካለ እኔም እፈልገዋለሁ)። ጨለማ ለሚፈራ ልጅ ሌሊት የሌለበት ከተማ፣ ውሻ ለሚፈራ ልጅ ደግሞ በኢሳይያስ 11ኛ ምዕራፍ ተኩላ ከበግ ጋር የሚቀመጥበት ተራራ፣ ከደመናው ይልቅ ብዙ ይነግረዋል።

ለእኛ ልጆች የሚሆን የአሣሣል መንገድ ለማግኘትም ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያውን የሞሉት መላእክት ትልልቅ ዓይኖቻቸውን ገልጠው ቁልቁል ይመለከታሉ፤ በቀድሞው የቤተ ክርስቲያን አሣሣል ጻድቃን ሙሉ ፊታቸው፣ ክፉዎች ግን በአንድ ዓይን በጎን ስለሚሣሉ፣ ማንበብ የማይችል ሕፃን እንኳ ማን የማን ወገን እንደሆነ ወዲያው ይለያል። አሳታሚዎቻችን ከውጭ የመጣውን ሥዕል ከሚገለብጡ ይልቅ ይህን ቢጠቀሙበት እመርጣለሁ።

እነዚህን መጻሕፍት ማንበብ ያለብን ደግሞ ቤታችን ኀዘን ሳይገባ ነው። በብዙ ቤተሰብ ሰው ሲሞት ለልጁ «ውጭ አገር ሄደች» ይባላል፤ ልጁም ስልክ በተደወለ ቁጥር እርሷ መሆኗን ይጠይቃል። «እንባዎችንም ሁሉ ከዓይኖቻቸው ያብሳል» የሚለውን ቃል አስቀድሞ የሰማ ልጅ፣ ለቅሶ ቤት ገብቶ አዋቂዎች ሲያለቅሱ ሲያይ ቢያንስ የሚጠይቀው ነገር ይኖረዋል፤ እኛም የምንመልስለት። በዚህ ዕድሜ የማላሳየው የሲኦልን ገጽ ብቻ ነው፤ እርሱን ለሰንበት ትምህርት ቤት መምህራኑ ትቼዋለሁ።