ቅጠል ውሃን ያሸንፋል

እሑድ፣ ኅዳር

ዛሬ የአያቴን ቁም ሣጥን ከግድግዳው ለማራቅ ስንታገል ከጀርባው ግራጫ ትራንስፎርመር ወደቀ። ኤሌክትሪኩን ከ220 ወደ 110 የሚቀንሰው፣ ሲሠራ እንደ ንብ ቀፎ የሚያጉተመትመው ያ ከባድ ዕቃ። እሱን ሳይ መጫወቻውም ሩቅ እንዳልሆነ ገባኝ፤ ያለ ትራንስፎርመሩ የማይነቃ ነበርና። እውነትም በአሮጌ ነጠላ ተጠቅልሎ ከታችኛው መሳቢያ ተገኘ፤ ማጠፊያው የላላ ኒንቴንዶ ዲኤስ፣ ጨዋታው እንደተሰካበት።

አክስቴ ከአሜሪካ ስትመጣ ያመጣችልን በእኛ 2005 ዓ.ም. ክረምት ነው። እኔ አሥራ ሁለት ዓመቴ፣ ወንድሜ አሥር። ለሁለት ወንዶች ልጆች አንድ መጫወቻ ማምጣት ምን እንደሚያስከትል አክስቴ ልጅ ስለሌላት አታውቅም። ጨዋታው ፖኬሞን ኮንኩዌስት ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ነው። ራንሴ በሚባል ምድር ላይ 17 መንግሥታት አሉ፤ አንዱ የእሳት፣ አንዱ የቅጠል፣ አንዱ የመብረቅ፣ አንዱ የመርዝ፣ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። ገዢዎቹ በ16ኛው መቶ ዘመን ጃፓንን ሲያምሱ የኖሩ እውነተኛ የጦር መሳፍንት ስሞች ናቸው፤ በሰይፍ ፈንታ ግን ፍጡራን ያዋጋሉ። ሜዳው እንደ ሰንጠረዥ በካሬ የተከፋፈለ፣ በአንድ ወገን ቢበዛ ስድስት ተዋጊ የሚሰለፍበት ነው። እያንዳንዱ ፍጡር የሚያውቀው አንድ ጥቃት ብቻ ነው። ተራህን ስትጨርስ አንድ ወር ያልፋል።

የውሃው መንግሥት ፎንቴን ይባላል፤ በፈረንሳይኛ ምንጭ ማለት ነው። የባሕር ዳር ልጆች ሌላ የቱን ሊመርጡ ይችላሉ? በጨዋታው ግን መምረጥ የለም። መነሻህ ከሆነው መንግሥት ከአውሮራ ተነስተህ፣ የእሳቱን ኢግኒስ አስገብረህ ነው ፎንቴንን የምትወጋው። እኔ በዚያ ውጊያ ላይ በራሴ ሀገር ላይ የዘመትሁ ያህል ተሰምቶኝ ነበር። ገዢው ሞቶቺካ ባለ ሦስት አውታር የሙዚቃ መሣሪያ ይዟል። የሚያዘው ኦሻዎት ደግሞ ሆዱ ላይ ዛጎል የለጠፈ፣ ሲዋጋ ያንን ዛጎል እንደ ጩቤ የሚመዝዝ ትንሽ የውሃ አውሬ ነው። አያቴ ከኋላችን ቆማ ስታይ ቆየችና «ይህ ንጉሥ ነው ወይስ አዝማሪ?» አለች።

ጠባችን የተነሳው በደንቡ ነው። ውሃ እሳትን ያሸንፋል፤ ይሁን። ውሃ አፈርንና ድንጋይን ያሸንፋል፤ ጢስ ዓባይን በነሐሴ ያየ ሰው ይህን አይከራከርም። መብረቅ ውሃን ያሸንፋል፤ እሱም ይሁን፣ ዝናብ ሲያጉረመርም ከሐይቁ ዳር እንድንርቅ እየተጮኸብን ነው ያደግነው። ቅጠል ውሃን ያሸንፋል ሲል ግን ደሜ ፈላ። ሞቶናሪ የሚባለው የቅጠሉ መንግሥት ጌታ ስኒቪ በምትባል አረንጓዴ እባብ መሰል ፍጡር ብዙ የለፋሁባቸውን የውሃ ተዋጊዎች አንድ በአንድ ጣላቸው። ውሃ ያበቀለው ቅጠል መልሶ ውሃን እንዴት ይረታል? የልጅ ጥያቄ ቢሆንም ዛሬም ሞኝነት አይመስለኝም። ወንድሜ ከስክሪኑ ዓይኑን ሳይነቅል በአንድ ቃል መለሰልኝ፦

«ይጠጣዋል።»

መብራት በጠፋባቸው ቀናት በደብተር ላይ የራሳችንን መንግሥት እንሠራ ነበር፤ አሥራ ስምንተኛው መንግሥት፣ ጣና። ጉማሬ፣ ጥቃቱ ጀልባ መገልበጥ። አምባዛ፣ ጥቃቱ ከጭቃ ውስጥ ድንገት መውጣት። ቆሮሶ የምትባለው ዓሣ ልጆቿን አፏ ውስጥ ከትታ እንደምታሳድግ አጎታችን ነግሮን ስለነበር እኔ «ልጆቿን መደበቅ» ብዬ ጻፍሁላት፤ ወንድሜ ግን መደበቅ ጥቃት አይደለም ብሎ ሰረዘው። ነጭ ዓሣን እንደ አንድ ፍጡር ቆጥረነው ነበር። በኋላ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ሳነብ ዓሣ አጥማጁ ነጭ ዓሣ የሚለው አሥራ አምስት ያህል ዝርያ መሆኑን፣ አብዛኞቹም ከጣና ሌላ የትም እንደማይገኙ፣ ከመካከላቸው ስምንቱ በመንጋጋቸው ላይ ጥርስ ሳይኖራቸው ሌላ ዓሣ እያደኑ እንደሚኖሩ አወቅሁ። አሥራ አምስት ፍጡር በአንድ ስም ጨፍልቀን ነበር ማለት ነው! ለሰብሳቢ ልጅ ከዚህ የከፋ ኪሳራ የለም።

ደብተሩን ለአያቴ ስናነብላት እስከ መጨረሻው ሰማችንና «ደንገሉን ምን አደረጋችሁት?» አለች። ቅጠል ነው፣ ጠላት ነው አልናት። ሳቀች። በልጅነቷ ወደ ቅዳሜ ገበያ እህልና እንጨት ይመጣ የነበረው በደንገል ታንኳ እንደሆነ፣ ታንኳው ውሃ ጠጥቶ ሲከብድ ዳር አውጥተው ፀሐይ ላይ እንደሚያደርቁት፣ ደርቆም መልሶ እንደሚገባ ነገረችን። «ቅጠል ባይሸከማችሁ ውሃው ላይ በእግራችሁ ልትሄዱ ነው?» ወንድሜ ለደንገል አንድ ገጽ ሰጠው። በየትኛው ወገን እንደሚሰለፍ ግን ሳይጽፍ ተወው።

ስለ ሞቶቺካ አንድ ነገር ልጨምር፤ ከጉዳዩ ትንሽ ይወጣል። እውነተኛው ቾሶካቤ ሞቶቺካ እ.ኤ.አ. ከ1539 እስከ 1599 የኖረ፣ ዙሪያዋን ባሕር በከበባት በሺኮኩ ደሴት ላይ የነገሠ መስፍን ነው። ደሴቲቱን ጠቅልዬ ያዝሁ ባለ ማግሥት፣ በ1585፣ ሂዴዮሺ የሚባል ሌላ የጦር መስፍን ዘመተበትና ከአንድ ግዛት በቀር ሁሉንም ነጠቀው። ሂዴዮሺ ደግሞ በጨዋታው ውስጥ የእሳቱ መንግሥት ገዢ ነው። እኔ በደንቡ ተማምኜ በውሃ እሳትን ሳጠፋ የኖርሁት ልጅ፣ በታሪክ ያሸነፈው እሳቱ መሆኑን በመኝታ ክፍሌ አልጋ ላይ ተኝቼ ሳነብ ተናድጃለሁ። ከዘመቻው ሁለት ዓመት ሳይሞላ የሞቶቺካ የበኩር ልጅ ለዚያው ለሂዴዮሺ ሲዋጋ በአንድ ወንዝ ዳር ተገደለ። ከዚያ ወዲህ የሞቶቺካን የጨዋታውን ሥዕል ሳይ የያዘው መሣሪያ ማሲንቆ ይመስለኛል።

በእኛ 2007 ዓ.ም. ለገና ወደ አጎታችን ሄድን፤ ፎገራ፣ ሩዝ አብቃይ ነው፣ ጊዜ ሲያገኝም መረብ ይጥላል። ከዚያ በፊት ስንሄድ እግራችንን የምንነክርበትን ዳር ፈልገን አጣነው። በቦታው አረንጓዴ መስክ ነበር፤ ሐምራዊ አበባ የፈነጠቀበት፣ ከብት ቢለቁበት የሚያስመኝ መስክ። ወንድሜ ሮጦ ሊገባበት ሲል አጎቴ ከአንገትጌው ይዞ መለሰው። ሥሩ መሬት የለውም፤ ከሥሩ ሐይቁ ነበር።

እምቦጭ ነው። ከደቡብ አሜሪካ የመጣ አረም፣ እ.ኤ.አ. በ2011 በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ መኖሩ የታወቀ። በዘር ይራባል፣ ከግንዱ ቅጥያ እየሰደደም ይራባል፤ ዘሩ ጭቃ ውስጥ ዓመታት ተኝቶ ይነሳል። ወንዞቹ ከእርሻ ጠርገው የሚያመጡት አፈርና ማዳበሪያ ቀለቡ ነው። አጎቴ ከጎረቤቶቹ ጋር ደረቱ ድረስ ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅል ሰንብቶ ነበር። በገመድ ስበው የከመሩትን አሳየን፤ ክምሩ ከጎጆው ይበልጣል። «የነቀልንበት ቦታ ስንመለስ ሞልቶ ይጠብቀናል» አለ። ስለ መረቡ ጠየቅሁት፤ ጣራው ላይ ሰቅሎታል። ለእኔ የከበደኝ ግን ቆይቶ ያነበብሁት ነው፤ እምቦጭ የሸፈነው ውሃ፣ ቅጠሉ እየሳበ ወደ አየር ስለሚያተነው፣ ገላጣ ከሆነው ውሃ ይበልጥ ይባክናል። ጣና እንዲህ ሰፍቶ በጥልቁ ቦታ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ነው። የወንድሜ ቃል ትዝ አለኝ። የአሥር ዓመት ልጅ ለመርታት ብቻ የጣለው ቃል ነበር።

ማታ ትራንስፎርመሩን ሰካሁት። አጉተመተመ። መጫወቻው ባትሪው ሞቷል፣ ገመዱ ላይ እያለ ግን ይነሳል። የመጨረሻው ጨዋታ የወንድሜ ነው፤ እኔ አሥራ አምስት ሲሆነኝ ትቼዋለሁ፣ እሱ ቀጥሎ ነበር። ካርታውን አየሁ፤ ሁሉም መንግሥት ተይዟል። ፎንቴን ላይ ስጫን ስድስት ተዋጊዎች ቆመዋል፤ አንድም የውሃ ፍጡር የለም። ቺምቻር አለ፣ ሌሎቹም አምስቱ የእሳት ናቸው። ቅጠልን የሚያቃጥሉ። ያን ሁሉ ዓመት ቅጠል ያሸንፋል እያለ ሲያበሽቀኝ የኖረ ልጅ!

አዲስ አበባ ደወልሁለት። ሥራ ላይ ነበር፣ በእሑድ። መቼ እንዳስቀመጣቸው ጠየቅሁት፤ አላስታውስም አለ። ለምን እንዳስቀመጣቸውም አላስታውስም አለ፣ በፍጥነት። ከዚያ ጥቂት ዝም ብሎ፦

«ወሩን ግን እንዳታሳልፈው። ለገና ስመጣ እኔው አሳልፈዋለሁ።»