ማንም ያልለበሰው ማሊያ

የምሠራው እንግሊዝ አገር፣ ብሪስቶል፣ አንዲት ትንሽ የጥልፍና የህትመት ወርክሾፕ ውስጥ ነው። ማሊያ፣ ኮፍያ፣ የሥራ ቱታ፣ የትምህርት ቤት ሹራብ፣ የመጣውን ሁሉ እንጠልፋለን። የእኔ ቦታ ኮምፒውተሩ ጋ ነው። ደንበኛ የላከውን ሥዕል ማሽኑ ወደሚያውቀው ስፌት እቀይራለሁ። የክር ቀለም እመርጣለሁ። ናሙና አወጣለሁ።

እዚህ አገር እስክመጣ ድረስ ስለ ራግቢ የማውቀው ኳሱ ድቡልቡል አለመሆኑን ብቻ ነበር። እዚህ አካባቢ ግን ከራግቢ ማምለጥ አይቻልም። ብሪስቶል ራሱ ክለብ አለው። በባቡር ሩብ ሰዓት ያህል ሲሄዱ ባዝ አለ። ወደ ሰሜን ከፍ ሲሉ ግሎስተር፣ ወደ ደቡብ ምዕራብ ወረድ ሲሉ ኤክሰተር። አራቱም ከፍተኛው ሊግ፣ ፕሪምየርሺፑ ውስጥ ናቸው። ፕሪምየርሺፑ በጠቅላላው ዐሥር ክለብ ነው ያለው። ከዐሥሩ አራቱ ጎረቤቶቻችን ናቸው ማለት ነው። ጎረቤት ደግሞ ታውቁታላችሁ።

አንድ ቀን አለቃችን ፊቱ በርቶ ገባ። ትልቅ ትዕዛዝ አግኝቷል። በየከተማው ቅርንጫፍ ያለው አንድ ድርጅት ለሠራተኞቹ የራግቢ ውድድር ሊያዘጋጅ ነው። በአንድ ቡድን ሰባት ሰው የሚጫወትበት አጭሩ ዓይነት። አዘጋጆቹ ሠራተኛውን በክልል ከፍለውታል፦ ሰሜን፣ ሚድላንድስ፣ ለንደን፣ ምዕራብ። ለእያንዳንዱ ክልል የራሱ ማሊያ ይሠራለታል። (ክልል ስል ልባችሁ አይደንግጥ፤ የኳስ ክልል ነው።) ሦስቱ ቀላል ነበሩ። የምዕራቡ ግን ማስታወሻ ተያይዞበታል። «የአካባቢውን ክለቦች ሁሉ የሚወክል ይሁን» ይላል።

እሺ አልኩ። ግሎስተር ቀይና ነጭ ነው፤ ቀዩም የቼሪ ቀይ ነው፣ ሌላ ቀይ ከሆነ ይጣሏችኋል። ባዝ ሰማያዊ፣ ጥቁርና ነጭ። ብሪስቶል ሰማያዊና ነጭ። ኤክሰተር ጥቁር። ሁሉንም በአግድም መስመር ደርድሬ ናሙናውን አወጣሁት። እንደ ሥራ ከሆነ ንጹሕ ሥራ ነበር። አለቃችን ወደደው።

ካውያው ጋ የሚሠሩ አንድ አዛውንት አሉ። ሐበሻ ቢሆኑ ጋሼ እላቸው ነበር። በልቤ ጋሼ ነው የምላቸው። ግሎስተር ተወልደው፣ ግሎስተር አድገው፣ አሁንም ከግሎስተር እየተመላለሱ ነው የሚሠሩት። ከልጅነታቸው ጀምሮ ኪንግስሆልም ስታዲየም፣ «ሸድ» የሚባለው ደጋፊው ቆሞ የሚያይበት ጎን ላይ አሉ። ናሙናውን አነሱት። አገላበጡት። ካውያውን አስቀመጡ።

«ቀዩን ከባዝ ሰማያዊ ጎን ያስቀመጠው ማነው?»

«ደንበኛው ነው ያዘዘው» አልኳቸው።

«ደንበኛው ከየት ነው?»

ከለንደን ነበር። ጋሼ ራሳቸውን ነቅንቀው ሻይ ሊያፈሉ ሄዱ። እንግሊዝ ሻይ ሊያፈላ ከሄደ ነገሩ ከባድ ነው።

ቀጥሎ አርማው መጣ። የክለቦቹን አርማ መጠቀም አይቻልም፤ ባለቤት አላቸው። አንድ የጋራ ምልክት መፈለግ ነበረብን። አለቃችን የብሪስቶሉን ተንጠልጣይ ድልድይ አሰበ። ጋሼ «ድልድዩ የብሪስቶል ነው» አሉ። ካቴድራል ተባለ። የማን ካቴድራል? የግሎስተርም የኤክሰተርም አለ፤ ባዝ ደግሞ ትልቁ ቤተ ክርስቲያኑ አለው። በመጨረሻ አለቃችን ፖም አመጣ። ይህ አካባቢ በሙሉ የፖም ጠጅ አገር ነው፤ ሳይደር ይሉታል። ይህን የሚክድ የለም። ጋሼ ግን «የአትክልት ቤት ነው እንዴ የምንከፍተው?» አሉ። እውነትም ተጠልፎ ሲወጣ የሱፐርማርኬት ዩኒፎርም መሰለ።

የሻይ ሰዓት ላይ ጠየቅኳቸው። ለአንድ ቀን የድርጅት ጨዋታ ይህን ያህል ምን አናደዳቸው?

ጋሼ ያስቆጣቸው የአንዱ ቀን ጨዋታ አይደለም። እንግሊዝ ውስጥ አንድ የቆየ ክርክር አለ። ክለቦቹ ገንዘብ ባጠራቸው ቁጥር «ክለቦቹን ትተን በክልል እናዋቅረው» የሚል ይነሳል። ጥቂት ቡድን ይኖራል፣ የቴሌቪዥኑ ገንዘብ ለጥቂት ይከፋፈላል፣ ተጫዋቹም ያርፋል ይላሉ። የኛ ደንበኛ ሳያውቀው ያንኑ ካርታ ነው የላከልን። ከዚህ በፊትም ተሞክሯል። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ መጀመሪያ (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆቹ ነው) ልክ እነዚሁ አራት ክፍሎች፣ ማለትም ለንደን፣ ሚድላንድስ፣ ሰሜን፣ እንዲሁም ደቡብና ደቡብ ምዕራብ፣ እርስ በርስ የሚጫወቱበት ውድድር ነበር። ለብሔራዊ ቡድን ተጫዋች መመልመያ ሆነ። ሕዝቡ ግን ልቡን ክለቡ ጋ ትቶ ነው የመጣው። ጋሼ እንደነገሩኝ፣ እሳቸው ጨርሶም አልመጡ።

ወሳኙ ዓመት 1995 ነው። እስከዚያ ድረስ ራግቢ ዩኒየን፣ ማለትም እስካሁን የማወራለት የራግቢ ዓይነት፣ በሕጉ ደሞዝ የማይከፈልበት ጨዋታ ነበር። በዚያ ዓመት ነሐሴ ላይ የዓለም ራግቢ መሪዎች ፓሪስ ተሰብስበው ለደሞዝ በሩን ከፈቱት። የአየርላንድ ፌዴሬሽን ተጫዋቾቹን ራሱ መቅጠር ጀመረ፤ ቦታ ያደረገውም አራቱን ክፍለ አገሮች ነው፦ ሌንስተር፣ መንስተር፣ አልስተር፣ ኮናክት። የእንግሊዙ ፌዴሬሽን አንድ ዓመት እንጠብቅ አለ። እሱ ሲጠብቅ ባለ ሀብቶቹ አልጠበቁም። ሰር ጆን ሆል የኒውካስልን ክለብ ያዙ፤ ናይጀል ሬይ ሳራሰንስ የሚባለው ክለብ ገቡ፤ ሌሎቹም ተከተሉ። ፌዴሬሽኑ ሲነቃ ተጫዋቹ የክለብ ተቀጣሪ ሆኗል። እስከ ዛሬም አሠሪው ክለቡ ነው። በ2024 በተደረገው ስምምነት የብሔራዊ ቡድኑ አሠልጣኝ እስከ 25 ለሚደርሱ ተጫዋቾች ተጨማሪ ውል መስጠት ችሏል፤ ዋናው ደሞዝ ግን ከክለቡ ነው የሚወጣው። ስለዚህ በክልል እናዋቅር የሚል ሰው በቅድሚያ የሚመልሰው ጥያቄ አለ። ውሉን ከክለቡ እጅ በምን ገንዘብ ይገዛል?

ይህን ስናወራ ማሸጊያው ጋ የምትሠራው ዌልሳዊት የሥራ ባልደረባችን ሰማችን። የእኔ እኩያ ናት። የፖንቲፕሪድ ልጅ ነች። «ክልል? ኑ እኔ ልንገራችሁ» ብላ ካርቶኑ ላይ ተቀመጠች።

ዌልስ በ2003 ክለቦቿን አዋህዳ አምስት ክልላዊ ቡድን ሠራች። ኒዝና ስዋንሲ፣ ለዘመናት ሲናከሱ የኖሩ ክለቦች፣ አንድ ላይ ተደርገው ኦስፕሬይስ ሆኑ። የእሷ ፖንቲፕሪድ ከብሪጅንድ ጋር ተጣምሮ ሴልቲክ ዋሪየርስ ተባለ። እሷ ያኔ ወጣት ነበረች። አባቷ መጀመሪያ አልሄድም አለ። ኋላ ሄደ። ቡድኑ ደግሞ ጎበዝ ነበር፤ ዋስፕስ የሚባለውን የእንግሊዝ ክለብ በገዛ ሜዳው አሸነፈው፤ ዋስፕስ በዚያው ዓመት የአውሮፓ ሻምፒዮን የሆነው ነው። አባቷ ልቡ መላመድ ሲጀምር፣ ገና አንድ የውድድር ዘመን እንዳለቀ፣ በ2004 ቡድኑ ፈረሰ። ገንዘብ የለም ተባለ።

«አባቴ ሁለት ጊዜ ነው የተቀማው» አለች። «መጀመሪያ ክለቡን፣ ቀጥሎ ክልሉን።»

ዌልስ በአራት ቡድን ቀጠለች። ያም አልጸናም። በ2025 ሚያዝያ ከአራቱ አንዱ፣ ካርዲፍ፣ ከስሮ ፌዴሬሽኑ ራሱ ተረከበው። በዚያው ዓመት ጥቅምት ደግሞ ፌዴሬሽኑ ሦስት ቡድን ብቻ እንዲኖር መወሰኑን አስታወቀ። ክልል መሆን ከኪሳራ እንደማያድን ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላየሁም።

ለአየርላንድስ ለምን ሠራ? ይህን እኔም ጠይቄ ነበር። መልሱ ካርታው ላይ የለም። መንስተር የተባለ ቡድን ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ አለ። በ1978 ኦል ብላክስን 12 ለ 0 አሸንፏል። የኒውዚላንድን ብሔራዊ ቡድን ማለቴ ነው። ገንዘብ ከመምጣቱ በፊት ሰው መንስተር ነኝ ይል ነበር። በ2009 ሌንስተርና መንስተር ለአውሮፓ ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ደብሊን ክሮክ ፓርክ ሲገናኙ 82,208 ሰው ገባ። ያን ሕዝብ አማካሪ ድርጅት በስላይድ አላመጣውም።

ለእኛ ሰው ነገሩን ለማስረዳት ብዙ መድከም አያስፈልግም። ጊዮርጊስንና ቡናን አዋህዳችሁ፣ ብርቱካንማና ቡናማ መስመር ያለው ማሊያ አልብሳችሁ፣ «የአዲስ አበባ ምርጥ» ብላችሁ ስታዲየም አስገቧቸው። ትኬቱን ማን እንደሚገዛ እናያለን።

ወደ ሥራው ልመለስ። ጋሼ ለአለቃችን በግልጽ ነገሩት። «ይህን የሚለብስ የለም፤ ለደንበኛው ደውልና ንገረው።» አለቃችን ሳቀ። ቀብድ ተቀብሏል፤ የማድረሻው ቀን ደርሷል፤ የሽማግሌ ወግ ነው ብሎ አለፈው። ማሽኑ ተነሣ። ጠለፍን፣ ጋሼ እያጉረመረሙ ተኮሱ፣ ዌልሳዊቷ አሸገች፣ ተላከ።

ውድድሩ ባለቀ ሳምንት የምዕራቡ ካርቶኖች ተመለሱ። አብዛኛው ከፕላስቲኩ አልወጣም። የግሎስተር ቅርንጫፍ ሠራተኞች ሰማያዊውን፣ የባዝ ሠራተኞች ቀዩን አንለብስም ብለዋል። ከቤታቸው የየራሳቸውን የክለብ ማሊያ አምጥተው ነው የተጫወቱት። በአንድ ቡድን ውስጥ አራት ዓይነት ማሊያ! ዳኛው እንዴት እንደለያቸው እንጃ።

የገረመኝ ግን ሌላው ነው። ሰሜኖቹ ማሊያቸውን ወደውት ተጨማሪ አዘዙ። ያው የእኛ ሥራ፣ ያው ጨርቅ። ምክንያቱን ጋሼ ነገሩኝ። በ1979 ኅዳር ላይ ኦትሊ በምትባል ትንሽ የዮርክሻየር ከተማ የሰሜን እንግሊዝ ምርጥ በቢል ቦሞንት አምበልነት ኦል ብላክስን 21 ለ 9 ረትቷል። ሰሜኖች ዛሬም ያወሩታል። «ሰሜን» የሚለው ነገር አብሮ ያሸነፈበት ቀን አለው። ከዚያም በላይ ሰሜን ውስጥ ክለቦቹ ጥቂትና የተራራቁ ናቸው። ከፍተኛው ሊግ ውስጥ ያሉት ሴልና ኒውካስል ብቻ ናቸው። ዮርክሻየር፣ ያን የሚያክል አገር፣ ሊድስ በ2011 ከወረደ ወዲህ ፕሪምየርሺፑ ውስጥ አንድም ቡድን የለውም። ጎረቤት ጠላት የሌለው ሰው ሰፊውን ስም ቢለብስ ምን ይጎዳዋል?

እኔ የያዝኩት አቋም ከዚህ የመጣ ነው። በክልል እናዋቅር ባዮቹ ካርታውን ገልብጠው ነው የያዙት። ራግቢ ሥር የሰደደበት ቦታ ላይ ሦስት አራቱን ቆርጠው አንድ ሊያደርጉ ይፈልጋሉ፤ ደጋፊው የሚጠፋው እዚያው ነው። ክልላዊ ቡድን የሚጠቅመው ክለብ በሌለበት ነው። ዮርክሻየር ላይ አንድ ይሞክሩ። ኪንግስሆልምን ይተዉት።

ይህን ስል ክለቦቹ ጤነኛ ናቸው እያልኩ አይደለም። በ2022 መጸው ላይ ዉስተርና ዋስፕስ ተከታትለው ከሰሩ። ዋስፕስ በአንድ ቀን 167 ሰው ነው ያሰናበተው፤ ተጫዋች ብቻ ሳይሆን ወጥ ቤትም፣ ቢሮም። በ2023 ለንደን አይሪሽ ተከተለ። ዐሥራ ሦስት የነበረው ሊግ ዐሥር ሆነ። በ2025 ነሐሴ ኒውካስልን ሬድ ቡል ገዝቶ ስሙን ለወጠው። ዋስፕስማ በ2014 ከለንደን አቅራቢያ ወደ ኮቨንትሪ የተዛወረ ቡድን ነበር። ሜዳ ገዛ፤ ዕዳውም አብሮ መጣ። የክለብ ሥርዓቱ የአንድ ሀብታም ልብ እስኪደክም ነው የሚቆመው። ጋሼም ይህን አይክዱም። «እኛም በማን እንደምንኖር እናውቃለን» ይላሉ።

ክፍያውን በተመለከተ አለቃችንና ደንበኛው ተነታረኩ። በጽሑፍ ያጸደቀው ደንበኛው ስለነበር በመጨረሻ ከፈለ። ፖም ያለባቸው ማሊያዎች መጋዘን ቀሩ፤ ማሽን መጥረጊያ አደረግናቸው። ጨርቁ ዘይት በደንብ ይመጥጣል። አሁን ናሙና ሁሉ ለደንበኛ ከመላኩ በፊት ጋሼ ጋ ይቀርባል።

ድርጅቱ በሚቀጥለው ዓመት ተመልሶ መጣ። ምዕራብ የሚል ቃል የለም። ለብሪስቶል ቅርንጫፍ ለብቻ፣ ለባዝ ለብቻ፣ ለግሎስተር ለብቻ፣ ለኤክሰተር ለብቻ። አንዱ ትዕዛዝ አራት ሆነ። እኛ ደግሞ ለእያንዳንዱ አዲስ አርማ የማዘጋጃ ክፍያ አለን፤ ትንሽ ትዕዛዝ ሲሆንም ዋጋው በነጠላ ከፍ ይላል። አለቃችን ደረሰኙን ደምሮ ሲጨርስ ቀና ብሎ የክልል ነገር ለእንግሊዝ ራግቢ ፈጽሞ እንደማይበጅ አስረዳን። ጋሼ መልስ አልሰጡትም። ተራቸው ስለነበር ሻይ ሊያፈሉ ሄዱ።