መንግሥት ተንከባካቢ ሲልክ አስታማሚው ምን ያህል ያርፋል?

ቤት ድረስ እየመጣ አረጋውያንን የሚንከባከብ ሠራተኛ በመንግሥት ወጪ ሲመደብ፣ ዘመድ ጎረቤቱ አስታማሚውን «እንግዲህ ተገላገልክ» ይለዋል። እስቲ እንቁጠረው። በቀን 4 ጊዜ ለ30 ደቂቃ የሚመጣ ሠራተኛ በሳምንት 14 ሰዓት ይሠራል። ሳምንቱ 168 ሰዓት ነው። 154ቱ፣ ሌሊቱን ጨምሮ፣ አስታማሚው ላይ ይቀራል።

14ቱም ቢሆን ሙሉ ዕረፍት አይደለም። ሠራተኛው ሲቀር የሚደውለው፣ የመድኃኒት ለውጥ የሚነግረው፣ አዲስ ሰው በተላከ ቁጥር ከሀ ጀምሮ የሚያስረዳው አስታማሚው ነው። ጽዳትና የልብስ አጠባ በእርግጥ ከትከሻው ይወርዳሉ። ገላ ማጠብና ከአልጋ ማንሳት ግን ብዙ ጊዜ ሁለት ሰው ስለሚፈልጉ አብሮ መቆሙ አይቀርም። በ30 ደቂቃ ደግሞ የትም ደርሶ መመለስ አይቻልም። ስለዚህ የመድኃኒትና የገላ ሰዓት ባለበት ይቆይና ለቤት ሥራ የተፈቀደው ተጠራቅሞ በሳምንት አንድ ቀን 3 ወይም 4 ሰዓት በአንድ ላይ እንዲሆን መጠየቅ ይበጃል። የሰዓቱ ድምር ሳይጨምር ከቤት መውጣት የሚቻለው እንዲህ ሲሆን ነው።

ብዙው ነገር የሚበላሸው ግን ገና ስንት ሰዓት እንደሚፈቀድ ለመወሰን አዛውንቱ በሚመዘኑበት ቀን ነው። አረጋውያን እንግዳ ፊት ይበረታሉ፤ «ራሴ እለብሳለሁ» ይላሉ፣ መዛኙም እንደሰማው ይጽፋል። ከምዘናው በፊት ለ7 ቀናት ማስታወሻ መያዝ ያስፈልጋል፦ ሌሊት ስንት ጊዜ ተነሱ፣ ለመልበስ ስንት ደቂቃ ፈጀ፣ የትኛውን የሚያደርጉት አጠገባቸው ሰው ቆሞ ብቻ ነው? «ይችላሉ» እና «ሰው ካለ ይችላሉ» በነጥብ በጣም ይራራቃሉ። አዛውንቱ ፊት መናገር የሚያሳፍረውን ለብቻ ለመናገር ጊዜ ይጠየቅ። «ለሌላው እኔ አለሁ» የሚለው ደግነት ደግሞ ሰዓት ያስቀንሳል፤ ከዛሬ በኋላ የማይቻለውን ለይቶ መናገር ይሻላል።

ከሰዓት ይልቅ ገንዘብ የሚሰጥበትም አገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1995 የእንክብካቤ መድን (የእንክብካቤ ወጪን የሚሸፍን መድን) የጀመረችው ጀርመን አገልግሎት፣ ገንዘብ ወይም ሁለቱን ቀላቅሎ መውሰድ ትፈቅዳለች። በ2000 የጀመረችው ጃፓን ግን ገንዘቡ ምራቶችንና ሴት ልጆችን ቤት ያስቀራል የሚለው ክርክር ስላየለ አገልግሎቱን ብቻ መረጠች። ስጋቱ ልክ ነበር፤ ሥራ ለለቀቀ ሰው ወርኃዊው ክፍያ የጠፋውን ደመወዝ አይተካም፣ ጡረታውም ይጎድላል። ጀርመን ይህን ጉድለት በከፊል ትሞላለች፦ በምዘና የእንክብካቤ ደረጃ 2 ወይም ከዚያ በላይ (ደረጃው ከፍ ሲል የሚያስፈልገው እርዳታ ይበዛል) የተሰጠውን ሰው በሳምንት ቢያንስ 10 ሰዓት፣ ቢያንስ በ2 ቀናት ተከፋፍሎ፣ ለሚያስታምም ዘመድ መድኑ የጡረታ መዋጮ ይከፍላል። የተቀጠረበት ሥራ ግን በሳምንት ከ30 ሰዓት መብለጥ የለበትም፤ 32 ሰዓት የሚሠራ ሰው ሌሊቱን ሁሉ ቢያስታምምም መዋጮው አይከፈልለትም።