ማን ያውቅብናል?

«መምህር፣ አንድ ፊደል ጠበቀ ላላ ማን ያውቅብናል?» ብሎ የቴአትር አዘጋጃችን የጠየቀኝ እሁድ ከሰዓት፣ መጋረጃው ሊከፈት ሩብ ሰዓት ሲቀረው ነው። ከዛን ቀን ወዲህ ስንት ነገር አልፏል፣ ይቺ ንግግር ግን ትዝ ባለችኝ ቁጥር ታንገበግበኛለች፣ ስለዚህ ልጻፋት።

ደብረ ብርሃን ነው ያለሁት፣ አማርኛ አስተምራለሁ፣ ከዛ ውጪ ደሞ ለአንድ የቴአትር ቡድን ስክሪፕት አርማለሁ። ቡድኑ አንድ ቴአትር ያዘ፤ መንኮራኩሯ ጓሳ ላይ ወድቆ ከትንሽ ልጇ ጋር የቀረች የሌላ ዓለም ፍጡር አለች፣ አንድ የመንዝ እረኛ ያገኛቸዋል፣ በቃ ታሪኩ የሶስቱ ነው። አዘጋጁ «ለኤሊየኗ ቋንቋ ስራላት» አለኝ። እሱ የፈለገው ለጆሮ እንግዳ የሆነ ድምፅ ብቻ ነበር፣ እንደውም መጀመሪያ ያለኝ «በልጅነታችን የተጫወትነውን የወፍ ቋንቋ አይነት አድርጋት» ነው። እኔ ደሞ የወፍ ቋንቋ እኮ ያው አማርኛ ነው፣ መሀሉ ላይ ድምፅ እየሰነቀርን ነው ያወራነው፣ ይቺ ሴት ግን ከሌላ ዓለም ነው የመጣችው፣ የራሷ ይኑራት አልኩ።

የጀመርኩት ከአፏ ነው። ጭምብሉን የሰራችው ልጅ ከንፈር አላደረገችለትም፣ ስለዚህ በ፣ መ፣ ፈ፣ ፐ፣ ጰ፣ ወ ወጡ ማለት ነው። ቆይቼ ሳስበው ካዕብና ሳብዕም ከንፈር ማሞጥሞጥ ይፈልጋሉ፣ ኡ እና ኦ ሲባል መስታወት ፊት ቆሞ ማየት ነው፣ እነሱም ወጡ። ይሄን ስታደርግ መጀመሪያ የምታጣው ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? «እማ»ን ነው። «አባ»ም የለም። ልጅ አፉን የሚፈታባቸው ቃላት አብዛኞቹ ከንፈር ላይ ናቸው። ይሄ ልጅ እናቱን ምን ብሎ ይጥራት ብዬ ሶስት ቀን ተጨንቄ «ናኤ» ላይ አረፍኩ። አዘጋጁ የጭላዳ ድምፅ ጨምርበት ብሎኝ መንዝ ስሄድ ቁጭ ብዬ ሰምቻቸዋለሁ፣ ግን ወንዱ ጭላዳ አንዳንድ ድምፁን የሚያወጣው ከንፈሩን እያርገበገበ ነው፣ ለኔ ፍጡር አይሆንም።

ጠ፣ ቀ፣ ጨ፣ ጸ ተረፉልኝ፣ ከነሱ ጋር ደሞ ሌላ ነገር ገጠመኝ። ፖል ፍሮመር እ.ኤ.አ. በ2009 ለወጣው «አቫታር» ፊልም የናቪን፣ የፊልሙን የሌላ ዓለም ፍጡሮች፣ ቋንቋ ሲሰራ የመረጣቸው እንግዳ ድምፆች ውስጥ ሶስቱ እኛ ጰ፣ ጠ፣ ቀ የምንላቸው ናቸው። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ተዋናይ ተለማምዶ የሚያወጣውን ድምፅ የኛ ልጆች ከጡት ጋር ጠብተውታል፣ ስለዚህ ለነሱ ከሰማይ የመጣ የሚመስል ድምፅ ለኛ ተመልካች የጎረቤት ነው። እንግዳነቱን ከሌላ ቦታ ማምጣት ነበረብኝ። ክሊንጎንን፣ «ስታር ትሬክ» ላይ ያሉትን የሌላ ዓለም ፍጡሮች ቋንቋ፣ የሰራው ማርክ ኦክራንድ ተደራጊውን መጀመሪያ፣ ግሱን መሀል፣ አድራጊውን መጨረሻ አድርጓል፤ እኛ ዘንድ ግን «በጉን አየው እረኛው» የሚል ሰው ሞልቷል፣ ማንም አይደነግጥም። ግሱን መጀመሪያ አደረግኩት፣ «አየ እረኛው በጉን» እንደማለት። አዘጋጁ «ይሄማ ግዕዝ ነው» አለ። ልክ ነው፣ ግዕዝ ግሱን ማስቀደም ይወዳል፣ እኔም የፈለግኩት እሱን ነው፤ ያገራችን ጆሮ ግስ ቀድሞ ሲመጣ ቤተ ክርስቲያን ቆሞ እንደሚሰማ ሰው ቀጥ ይላል፣ ይቺ እናት ስትናገር ሰዉ እንደዛ እንዲሰማት ነበር ምኞቴ።

ከሁሉ የሳሳሁለት ግን ማጥበቅና ማላላቱ ነው። ገና ሲላላ ሌላ ገና ሲጠብቅ ሌላ፣ ዋና ሲላላ ውሃ ውስጥ ነው፣ ሲጠብቅ ደሞ ትልቁ ጉዳይ ነው። ፊደላችን ይሄን አይለይም፣ አንባቢው ነው ከሀሳቡ የሚያውቀው። በሷ ቋንቋ «ኤጢ» ጢዋ ከላላች ተኛ ነው፣ ከጠበቀች ሞተ ነው። እረኛው ከመጀመሪያው ትዕይንት ጀምሮ ቃሉን የሚያውቀው ላልቶ ነው፣ ልጁ በተኛ ቁጥር እናትየው «ኤጢ» ትለዋለች፣ እሱም እየደጋገመ ያጠናዋል። መጨረሻ ላይ ልጁን አቅፋ አንድ ጊዜ ብቻ አጥብቃ ትለዋለች። እረኛው ልዩነቱን አይሰማም፣ ተኛ ያለችው መስሎት በርኖሱን አውልቆ ቀስ ብሎ ልጁን ያለብሰዋል፣ እንዳይበርደው። ተመልካቹ ግን ቀድሞት ሰምቷል። ቴአትሩ በሙሉ እዛች አንዲት ፊደል ላይ ነው የቆመው።

ዋናዋ ተዋናይት ቋንቋውን ከአፌ ነው የተማረችው፣ ሁለት ወር ሙሉ፣ ሻይ ቤት ቁጭ ብለን፣ እኔ ስል እሷ ስትል። ቅዳሜ «ኤጢ»ን አጥብቃ ስትለው አዳራሹ ውስጥ ሰው ትንፋሹን ሲውጥ ሰማሁ። እናንተ ከምንም አንስታችሁ የሰራችሁት ቃል የማታውቁትን ሰው ሆድ ሲያባባ ሰምታችሁ ካላወቃችሁ እንዴት ላስረዳችሁ አላውቅም።

ቅዳሜ ማታውኑ ድምጿ ተዘጋ፣ ያው የደብረ ብርሃን ብርድ ነው። እሁድ ምትክ የገባችው ልጅ ከተተየበው ስክሪፕት ላይ ነው በአንድ ሌሊት ያጠናችው። እኔ በእጄ ስጽፈው ከሚጠብቀው ፊደል አናት ላይ ሁለት ነጥብ አድርጌ ነበር፣ የሰዋስው መጽሐፍ ላይ እንደሚደረገው። ኮምፒውተር ቤት ሲተየብ ነጥቦቹ በሙሉ ቀርተዋል። እኔም ኮፒው ሲመጣ አላየሁትም፣ እሱ የኔ ጥፋት ነው። ከመድረኩ ጀርባ ስትለማመድ ሰምቼ ነው የነቃሁት፣ ሁሉንም አላልታ ነው የምትለው።

«ጋሼ፣ አምስት ደቂቃ ይስጡኝ፣ አንድ ቃል ብቻ ላስተካክልላት» አልኩት አዘጋጁን።

«አሁን አትንካት፣ ትደናገጣለች።»

«ልጁ እኮ ሳይሞት ሊቀር ነው።»

«አንተ ራስህ አይደለህ እንዴ የነገርከኝ፣ ያ የክሊንጎኑ ሰውዬ ተዋናዮቹ ሲሳሳቱ ስህተቱን የቋንቋው አካል አደረገው ብለህ?»

ነግሬዋለሁ። እውነትም ኦክራንድ አድርጎታል፣ ተዋናይ ተሳስቶ ቀረጻው ካለፈ ቋንቋውን ከስህተቱ ጋር ያስማማው ነበር። ግን ስህተት አዲስ ቃል ሲወልድና ስህተት ያለ ቃል ላይ ሲወድቅ አንድ አይደለም፣ ያኛውን መቀበል ይቻላል፣ ይሄኛው ታሪኩን ይገለብጠዋል። ይሄን ለማስረዳት አፌን ስከፍት ነው «ማን ያውቅብናል?» ያለኝ። የተናገረው በቁጣ አይደለም፣ እጁን ትከሻዬ ላይ አድርጎ፣ እንደ አባት። ልጅቷን አየኋት፣ ወረቀቱን የያዘው እጇ ይንቀጠቀጣል፣ በዚህ በኩል አዘጋጁ እውነት አለው። ዝም አልኩ። የሚቆጨኝ ታዲያ እሱ ያለው ሳይሆን የኔ ዝም ማለት ነው።

መብራቱ ጋ ቆሜ አየሁት። «ኤጢ» አለች፣ ላላ አድርጋ፣ ቆንጆ አድርጋ። እረኛው በርኖሱን አለበሰ። ከዛ እናትየው ጮኸች፣ ጩኸቱ ግን ምክንያት አልነበረውም፣ ልጇ ተኝቷላ። ሰዉ ትንሽ ግራ ገባውና አጨበጨበ። አዘጋጁ «አየህ?» አለኝና ሄደ።

በሩ ላይ አንድ ተማሪ ጠበቀኝ፣ ዘጠነኛ ክፍል ነው፣ ከመንዝ መጥቶ ከተማ ቤት ተከራይቶ የሚማር። የእኔ ተማሪ አይደለም ግን «ቲቸር» አለኝ። ደብተር ይዟል። «ቲቸር፣ ትናንት ልጁ ሞቶ ነበር፣ ዛሬ ተኝቷል፣ የቱ ነው ትክክሉ?»

ደብተሩን ተቀበልኩት። ሁለቱንም ቀን ጨለማ ውስጥ ቁጭ ብሎ የሰማውን ቃል በሙሉ መዝግቧል፣ ፊት ለፊቱ ትርጉሙን፣ አንዳንዱን ስቷል፣ አብዛኛውን አግኝቶታል። እዛ መሀል «ኤጢ፣ መተኛት» ይላል፣ ከስሩ ደሞ «ኤጥጢ፣ መሞት»። ነጥብ አላስፈለገውም፣ ፊደሉን ደገመው በቃ። እኔ ሁለት ወር ሙሉ ያላሰብኩትን።

«የትናንቱ ነው» አልኩት፣ ድምፄ ትንሽ ተያዘብኝ።

«እኔም ብያለሁ» አለ። ከዛ «በርኖሱን ስታየው ምን ትለዋለች?» አለኝ።

አልሰራሁለትም ነበር። ልጁ ልብስ ከለበሰ በኋላ እናትየው ስለ በርኖሱ አንድም ነገር አትልም፣ አስቤውም አላውቅ። እዛው በሩ ላይ ነፋሱ እየገረፈን ቆምን። «በ የላትም» አለ፣ ለራሱ እንደሚያወራ። «እረኛው ሲለው ሰምታ ብትደግመው... ኧርኖስ ነው የምትለው።» ትንሽ ዝም አለና ራሱን ነቀነቀ። «አይ፣ ኦም የላትም። ኧርናስ።»

እስክሪብቶ ሰጠሁት፣ ደብተሩ ላይ ጻፈው።