ያረጀ ሲኤንሲን በትንሽ በጀት ማስነሳት፦ ከየት ይጀመራል?

በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተሠራ ሲኤንሲ (በኮምፒውተር የሚታዘዝ የብረት መቁረጫ ማሽን) አልነሳ ሲል ብዙ ሰው ቶሎ የሚያስበው ኮንትሮለሩን (የማሽኑን ማዘዣ ኮምፒውተር) ነቅሎ በአዲስ መተካት ነው። ያ ውሳኔ መጨረሻ ላይ ይቆይ እንላለን። የእነዚህ ማሽኖች ብልሽት ከፕሮሰሰሩ ይልቅ ፓወር ሰፕላዩ፣ ባትሪው፣ ኮኔክተሩ ወይም ገመዱ ላይ የሚገኝበት ጊዜ ይበዛል፤ እነዚህ ደግሞ መልቲሜትርና መበየጃ ያለው ትንሽ ወርክሾፕ የሚወጣቸው ሥራዎች ናቸው።

ስክሪኑ አሁንም የሚበራ ከሆነ ከምንም በፊት ፓራሜትሩ (የማሽኑ ቅንብር ቁጥሮች) ይቀዳ። የአክሲሶቹ (የማሽኑ መንቀሳቀሻ አቅጣጫዎች) ፍጥነት፣ የዜሮ ነጥብ፣ የባክላሽ (አቅጣጫ ሲቀየር የሚታይ ልል እንቅስቃሴ) ማካካሻ፣ ከማሽኑ ጋር የተገዙት አማራጮች ሁሉ የተቀመጡት በባትሪ በሚኖር ራም ውስጥ ስለሆነ ባትሪው ካለቀ አብረው ይጠፋሉ። በአርኤስ-232 (የድሮው ሲሪያል ፖርት) ወደ ኮምፒውተር ለመቀበል ፋኑክ 0 በሚባለው ኮንትሮለር ላይ የተለመደው አቀማመጥ 4800 ባውድ፣ 7 ቢት፣ ኢቨን ፓሪቲና 2 ስቶፕ ቢት ነው። ባለ 25 ፒን ገመዱ ላይ 2 እና 3 ይጠላለፋሉ፣ 7 ከ7 ይገናኛል፤ በየጫፉ ደግሞ 4 ከ5፣ 6 ከ8ና ከ20 ጋር ይታሰራሉ። ፖርቱ ካልሠራ እያንዳንዱን ገጽ በስልክ ፎቶ ማንሳት ይበቃል። የካቢኔው በር ኪስ ውስጥም የፋብሪካው የፓራሜትር ወረቀት አለመኖሩን ሳያዩ አይለፉ። ባትሪው የሚቀየረው ማሽኑ በርቶ እያለ ነው። አጥፍቶ ባትሪ ማውጣት ፓራሜትሩን በገዛ እጅ መሰረዝ ነው።

ቦርድ ላይ የተበየደ የኒኬል ካድሚየም ባትሪ ካለ በጥንቃቄ ይታይ። የሚያፈሰው ፈሳሽ አልካላይን ነው፤ መዳቡን አረንጓዴ አድርጎ እየበላ በአይሲዎቹ ሶኬት ስር ይገባል። ባትሪው ከተነቀለ በኋላ ቦታውን በአቼቶ በተነከረ ብሩሽ ማሸት፣ በተጣራ ውሃ ማጠብ፣ በአልኮል ማድረቅ፤ ከዚያ እያንዳንዱን መስመር ከጫፍ እስከ ጫፍ መለካት። የተቆረጠው በቀጭን ሽቦ ይቀጠላል።

አሁን ወደ ፓወር ሰፕላዩ። ለዓመታት ተዘግቶ የቆየን ሰፕላይ ከነቦርዱ ማብራት ትልቅ አደጋ አለው፤ ካፓሲተሮቹ ደርቀው 5 ቮልቱ ከፍ ካለ ቦርዱ ላይ ያሉትን አይሲዎች በአንድ ጊዜ ያቃጥላል። ስለዚህ ለብቻው ይውጣና 5 ቮልቱ ላይ 1 ኦም፣ 50 ዋት ሬዚስተር ይጫንበት፤ 5 አምፔር ገደማ ይወስዳል። ሬዚስተሩ በጣም ስለሚግል ከጠረጴዛው ከፍ ብሎ ብረት ላይ ይታሰር። ካፓሲተር ሲቀየር አቅሙ ያው፣ ቮልቴጁ ያው ወይም ከፍ ያለ፣ 105 ዲግሪ የሚችልና ዝቅተኛ ኢኤስአር (የውስጥ ሬዚስታንስ) ያለው ይሁን። ከመግዛት በፊት ቁመቱና የእግሮቹ ርቀት ይለካ። ቦርዱ ከተመለሰ በኋላ 5 ቮልቱ የሚለካው ቦርዱ ላይ ነው፣ ከ4.75 እስከ 5.25 መካከል መሆን አለበት። ሰፕላዩ ጫፍ ላይ 5.1 ሆኖ ቦርዱ ላይ 4.6 ከሆነ ጥፋተኛው የጠቆረው ኮኔክተር ነው።

የ24 ቮልት ፊውዝ እየደጋገመ የሚቃጠል ከሆነ በትልቅ ፊውዝ መተካት ገመዱን ማቃጠል ነው። ይልቅ በፊውዙ ምትክ የ24 ቮልት፣ 21 ዋት የመኪና አምፖል ይታሰር። ሾርቱ እስካለ ድረስ አምፖሉ ደምቆ ይበራል፣ ከ1 አምፔር በላይም አያሳልፍም። ከዚያ ከተርሚናሉ አንድ አንድ ገመድ እየነቀሉ አምፖሉን ማየት ነው፤ የደበዘዘበት ገመድ ሾርቱን የያዘው ነው። ብዙ ጊዜ የሚገኘው ማቀዝቀዣ ፈሳሽ የሚነካው የሊሚት ስዊች (የአክሲሱ ጫፍ ማቆሚያ ስዊች) ገመድ ነው።

ድራይቭ (ለሞተሩ ኃይል የሚሰጠው ክፍል) ውስጥ እጅ ከመግባቱ በፊት ኃይሉ ተቋርጦ ቢያንስ 10 ደቂቃ ይጠበቅ፤ ዲሲ ባሱም (የድራይቩ የውስጥ የዲሲ መስመር) ይለካ። 300 ቮልትና ከዚያ በላይ ይይዛል። በስክሩድራይቨር ማሾርት ፈጽሞ አይሞከር። ቁሙን አክሲስ ሞተር የሚፈታ ሰው አስቀድሞ ከስሩ ወፍራም እንጨት ያስገባ፤ ብሬኩ ያለው ሞተሩ ላይ ነው።

የዲሲ ሰርቮ ሞተሮች (አክሲሶቹን የሚነዱት) ካርቦናቸው ሲወጣ የትኛው ከየት፣ በየትኛው ገጽ እንደነበረ ምልክት ይደረግ። የካርቦን ብናኙ በቫኪዩም ይሳብ፤ በአየር ከተነፋ ወደ ውስጥ ጠልቆ ኢንሱሌሽኑን ያዳክማል። በ500 ቮልት ሜገር (የኢንሱሌሽን መለኪያ) ሲለካ የሞተሩ ገመድ ከድራይቩ መነቀሉን ሁለቴ ያረጋግጡ፤ ካልተነቀለ ድራይቩ ይቃጠላል። ከ1 ሜጋ ኦም በታች ያሳየ ሞተር ሳይጸዳ አይገጠም።

መጀመሪያ ሲበራ አክሲሱ መሃል ላይ ይሁን፣ እጅም ከኢመርጀንሲ ስቶፕ አይነሳ። የኢንኮደር (የሞተሩን ቦታ የሚያሳውቀው መሣሪያ) ገመድ ከተቋረጠ ሰርቮው ሳይታዘዝ እስከ ጫፍ ይሮጣል።

ባክላሽ የመጨረሻው ነው። ዳያል ኢንዲኬተሩን በአንድ አቅጣጫ ጫን አድርጎ ዜሮ ማድረግ፣ ከዚያ በ0.01 ሚሊሜትር እርምጃ መመለስና መርፌው እስኪንቀሳቀስ መቁጠር። በፓራሜትር ከማካካስ በፊት የቦል ስክሪው (አክሲሱን የሚገፋው ብሎን) ተሸካሚ ቤሪንግና ነት ይጥበቅ፤ ፓራሜትር የላላን ነገር አያጠብቅም፣ ሲቆርጥ መልሶ ይንቀጠቀጣል።

ይህ ሁሉ ተሠርቶ ዋናው ቦርድ ካልዳነ ሞተሮቹና ድራይቮቹ ጤነኛ እስከሆኑ ድረስ ይቀመጡ። ድራይቩ የ±10 ቮልት ትእዛዝ የሚቀበል ከሆነ ሊኑክስሲኤንሲ (በተራ ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ የሲኤንሲ ማዘዣ ሶፍትዌር) ከሜሳ 7አይ77 ካርድና እሱ ከሚሰካበት የሜሳ ዋና ካርድ ጋር ይበቃዋል፤ 7አይ77 6 አናሎግ መውጫና የኢንኮደር መግቢያዎች አሉት። ጊዜ የሚበላው የቱል ቼንጀሩን (መቁረጫውን በራሱ የሚቀይረው ክፍል) ሎጂክ እንደገና መጻፍ ነው፤ ስለዚህ አሮጌው ኮንትሮለር ሳይነቀል የእያንዳንዱ ስዊችና ሶሌኖይድ ቅደም ተከተል ከኤሌክትሪክ ንድፉ ላይ ተነቦ ይመዝገብ።