ከ14 ሳምንት እስከ 9 ወር ልጄን ማንም አልመዘናትም

ልጄ ስትወለድ 3.2 ኪሎ ነበረች፣ በ14 ሳምንቷ ሶስተኛውን ዙር ክትባት ስትወስድ 6.2 ገባች፣ ደስ ብሎኝ ካርዷን ፎቶ አንስቼ ለእናቴ ላኩላት፣ እሷ ደግሞ "ኪሎዋን ለሰው አትናገሪ የሰው ዓይን ጥሩ አይደለም" አለችኝ። ከዛ በኋላ የተሰጠኝ ቀጠሮ የኩፍኝ ክትባት ነው፣ 9 ወር ላይ። 6 ወር ላይ ቫይታሚን ኤ እንዳለ እንኳን የነገረኝ የለም። እና በቃ ቤት ተቀመጥን፣ ምግብ የጀመረችው ደግሞ በዚሁ መሀል ነው።

9 ወር ላይ ሚዛኑ 6.9 አለ። በአምስት ወር ተኩል 700 ግራም ብቻ! ነርሷ ካርዱ ላይ ጻፈችና "ከቀዩ መስመር በላይ ናት፣ ምንም አትልም" ብላኝ ክትባቷን ወጋቻት፣ ቁመቷን የለካ የለም። ነርሷ ልክ ናት፣ የ9 ወር ሴት ልጅ ቀዩ መስመር (ከሱ በታች ከሆነች ኪሎዋ ለዕድሜዋ አንሷል የሚባልበት) 6.5 አካባቢ ነው። ማታ ግን ልጅቷ ስትተኛ ካርዷ ላይ ያለውን የእድገት ቻርት አውጥቼ ነጥቦቹን በእስክሪብቶ ሳገናኛቸው መሀል ላይ የነበረችው ልጄ ቁልቁል እየወረደች ነው፣ ቀዩ ጋር እስክትደርስ ነበር እንዴ የምንጠብቀው?

የባሌ ቤተሰቦች "የኛ ዘር ቀጭን ነው፣ ቻርቱ የፈረንጅ ልጅ ነው" አሉኝ። አይደለም እኮ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2006 እ.ኤ.አ ያወጣው ቻርት በብራዚል፣ በጋና፣ በህንድ፣ በኖርዌይ፣ በኦማንና በአሜሪካ ወደ 8,500 የሚጠጉ ልጆች ተለክተው የተሰራ ነው፣ ጡት የሚጠቡና በደንብ የተያዙ ልጆች የትም ቢሆኑ እድገታቸው በጣም ተቀራራቢ ሆኖ ነው የተገኘው።

የህፃናት ሀኪም ጋር ወሰድኳት። መጀመሪያ የጠየቀኝ ምን ትበላለች ነው፣ አጥሚት አልኩት፣ በምን ሲለኝ በጡጦ፣ እንዲወርድላት ብዬ አቅጥኜ። እንግዲህ ችግሩ እዛ ነበር፣ ትንሿ ሆዷ በውሃ ይሞላል፣ ጡትም ስሰጣት ጠግባለች። ማንኪያ ላይ የማይፈስ ወፈር ያለ ገንፎ፣ ዘይት ወይ ቅቤ ጠብ አድርጌበት፣ እንቁላል፣ የተፈጨ ምስር፣ አቮካዶ፣ በቀን ከ3 እስከ 4 ጊዜ፣ ጡቱ እንዳለ ሆኖ እንድሰጣት ነገረኝ። ቁመቷንም ሰሌዳ ላይ አስተኝተው ለኳት፣ አንዱ ጭንቅላቷን አንዱ እግሯን ይዞ። በ10 ወሯ 7.4፣ በ11 ወሯ 7.8። አሁን እናቴ ራሷ በየወሩ ደውላ "ስንት ገባች" ነው የምትለኝ።

ከ4 እስከ 9 ወር ያለ ልጅ ያላችሁ እባካችሁ የክትባት ቀን አትጠብቁ። ከ2 ዓመት በታች ያለ ልጅ በየወሩ መመዘን አለበት፣ የሰፈራችሁን ጤና ኤክስቴንሽን ጠይቁ። ልብሱንና ዳይፐሩን አውልቁለት፣ ነጥቡ ካርዱ ላይ ካለፈው ወር ነጥብ ጋር እስኪገናኝ ቆማችሁ ጠብቁ፣ "ቁመቱስ?" ብላችሁም ጠይቁ።