ቤቱን ሳትከራይ ትምህርት ቤት አትምረጥ

ከምንኖርበት ከካናዳ መጥተን ክረምቱን ቱሉ ዲምቱ፣ እናቴ ኮንዶሚኒየም ውስጥ እያሳለፍን ነው። ትናንት ማታ ከላይኛው ፎቅ ወደዚያው ሊሄድ የተሰናዳ አንድ ጎረቤት የቶሮንቶን ትምህርት ቤቶች ከነውጤታቸው በወረቀት ደርድሮ መጣ። «ጋሼ፣ ለልጆቼ የቱ ይሻላል ይላሉ?» አለኝ። ወረቀቱን ሳይ የሁለት ዓመት በፊቱ እኔ ታየሁኝ።

እኔም እዚሁ ሳሎን፣ መብራት ሲጠፋ በሻማ፣ ስድስት ወር ሙሉ ስመርጥ ከርሜያለሁ። ቶሮንቶ ባለችበት ክፍለ ሀገር፣ ኦንታሪዮ ውስጥ፣ የ3ኛና የ6ኛ ክፍል ተማሪዎች ንባብ፣ ጽሑፍና ሒሳብ ይፈተናሉ፤ የየትምህርት ቤቱ ውጤትም ለሕዝብ ይወጣል። ያንን በደብተር ገልብጬ፣ በቀይ እስክሪብቶ ደረጃ ሰጥቼ፣ አንደኛ የወጣውን ለባለቤቴ በኩራት አሳየኋት። እዚህ ጥሩ ትምህርት ቤት ከተገኘ ክፍያው ተችሎ፣ ሰርቪስ ተይዞ፣ ከተማ ተሻግሮም ቢሆን ልጅ ይላካል። እዚያም እንደዚያው መስሎኝ ነበር። ቶሮንቶ የምትኖረው የባለቤቴ ታላቅ እህት በስልክ «ቤቱን ሳትከራይ ትምህርት ቤት አትምረጥ» ስትለኝ፣ የኪራዩ ነገር አስጨንቋት ነው ብዬ አለፍኩት።

ያለችው ግን ልክ ነበር። በመንግሥት ትምህርት ቤት ክፍያ የለም፤ ልጅ የሚመዘገበው በመኖሪያ አድራሻው ነው። ትምህርት ቤቱ ሁሉ የራሱ ክልል አለው፤ ለምዝገባም የኪራይ ውል ይዘው ይሄዳሉ። የእኔ «አንደኛ» ያለበት ሰፈር ኪራይ ደግሞ የሚቀመስ አልነበረም። በቶሮንቶ ምሥራቅ፣ ስካርቦሮ ያገኘነው ቤት ልጆቹን የመራቸው በቀይ እስክሪብቶዬ አሥራ አራተኛ ወዳልኩት ነው።

አሥራ አራተኛው ግን እኔ በደብተሬ ያልጻፍኩት ነገር ነበረው። ከክፍሉ ልጆች ብዙዎቹ እንደኛው ገና የመጡ ናቸው። እንግሊዝኛ ለሚጀምሩ ልጆች ለብቻ የተመደበች መምህርት አለች፤ አዲስ መጤ ቤተሰቦችን የሚያግዝ ሠራተኛም እዚያው ቢሮ አለው። ልጄ በመጀመሪያው ሳምንት ከአንዲት የታሚል ልጅ ጋር ገጠመች፤ እንግሊዝኛው እኩል ስለሚቸግራቸው አንዷ በሌላዋ አታፍርም።

ያላሰብኩት ሌላ ነገር የክፍሉ ጉዳይ ነው። እዚያ ልጅ ክፍል የሚመደበው በተወለደበት የፈረንጅ ዓመት እንጂ በጨረሰው ክፍል አይደለም። ልጄ የተወለደችው ታኅሣሥ 20 ቀን 2007 ዓ.ም. ነው፤ በእነሱ ዲሴምበር 29፣ 2014። ሦስት ቀን ዘግይታ ብትወለድ አራተኛ ክፍል ትገባ ነበር። እዚህ ሦስተኛን ጨርሳ ሄዳ አምስተኛ ላይ አስቀመጧት! እናቴ በስልክ እልል አለች። እኔ ግን ያመለጣትን የአራተኛ ክፍል ሒሳብ ማታ ማታ እስከ ፋሲካ ሳስጠናት ቆየሁ። ታናሽዬው አንደኛ ክፍል ስለገባ በእሱ በኩል ጣጣ አልነበረም።

የልጄ ትራንስክሪፕት ማኅተም እንዲመታበት ከክፍለ ከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት እስከ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር አራት ቀን ተመላልሻለሁ። የቶሮንቶው ትምህርት ቤት ግን አንዴ ገለጥ አድርገው መለሱልኝ። አጥብቀው የያዙት የክትባት ካርዱን ነው፤ ሕጉ ያስገድዳል። ያስተረጎምኩበት ቤት ቀኖቹን ሳይቀይር እንዳሉ ገልብጧቸው ኖሮ የመጀመሪያው ክትባት «20/4/2007» ይላል። ጸሐፊዋ መነጽሯን አውልቃ፣ «ልጅቷ ከመወለዷ ከሰባት ዓመት በፊት ነው የተከተበችው?» አለችኝ። ሳቅኩ፤ እሷ ግን አልሳቀችም። እንደገና አስተርጉመን፣ እዚህ የማይሰጠውን የጆሮ ደግፍ ክትባት እዚያ አስወግተን ነው ነገሩ ያለቀው።

ስለዚህ ትናንት የጎረቤቴን ወረቀት አጥፌ መለስኩለትና «ቤት የምትከራየው የት ነው?» አልኩት። ገና አልወሰነም። «እንግዲያው ሰፈሩን ስትወስን ከቤቱ እስከ ትምህርት ቤቱ በእግር ስንት ደቂቃ እንደሆነ ጠይቅ፤ ቅርብ ነው ለሚሉት ልጅ አውቶቡስ የለም፤ በጥር በረዶ ደግሞ ቅርብም ሩቅ ነው። ለጊዜው የክትባት ካርዱን አምጣ።» ሚስቱ በፌስታል የተጠቀለለ ካርድ ይዛ ወረደች። የትንሹ ልጅ ልደት መስከረም 3 ቀን 2012 ይላል። አሥር ደምሬ ሴፕቴምበር 13፣ 2019 ብዬ ጻፍኩ።

እናቴ ከጓዳ ሆና ትሰማ ነበር። «2012 ዘመነ ዮሐንስ አልነበረም እንዴ? ጳጉሜን ስድስት ሆና የገባ ዓመት እኮ ነው!» አለች።

13ቱን ሰርዤ 14 አደረግኩት።